«ባ» የተመታባት ፕሌት

ሰው ጎረቤቱን ይጠላል፣ አማቱን ይጠላል፤ ባንቲሁን ግን የጠላው ሞርሳ ነው፤ ያንን ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መንጋጋ።

ጂቡቲ ውስጥ፣ በዶራሌ መንገድ ዳር ባለው የጀላሉዲን ወርክሾፕ የመኪና መለዋወጫ የሚሠራው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን አንዱን ብረት ቆርጦ የሚጨርሰው ሰው ምራቁን እስኪውጥ ነው። ማሰሩ ነው ጣጣው። ሞርሳውን ፍታ፣ ፍቅፋቂውን ጥረግ፣ አዲሱን አስገባ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርግ፣ አጥብቅ፣ ቀጥ ማለቱን ለካ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ባንቲሁን ሲምል፣ አንዷ ብረት እስክትታሰር ከአዲስ አበባ የተነሳ ተሳቢ ወደብ ደርሶ ይመለሳል ይላል።

ጀላሉዲን ደግሞ ሁለተኛ ማሽን ሊያስመጣ ነው። «ይሄኛውን ከመቆም ያዳነልኝ ሰው የሁለቱም አለቃ ይሆናል» ብሏል። ለአለቃው ከወርክሾፑ ጀርባ ያለችው ክፍል ትሰጠዋለች። ባንቲሁን የከጀለው ክፍሏን ነው። ሚስቱ ፀዳል ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች። የሚገናኙት አርብ አርብ ባሕር ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው።

«እኔ ያገባሁት አንተን ነው ድንጋዩን?» ትለዋለች።

ስለዚህ ከምሳ ሰዓቱ እየሰረቀ አንዲት ወፍራም የብረት ፕሌት አበጀ። ብዙ ብረቶች በአንዴ የሚደገፉባቸውን ፒኖች ተከለባት፤ በየመካከላቸው አንድ ብሎን ሲጠብቅ ግራና ቀኙን አብሮ የሚያጣብቅ ሽብልቅ ገጠመ። ከዚያ መንትያዋን ሠራ። ማሽኑ አንደኛዋ ላይ ሲቆርጥ ሰውየው ውጭ ሁለተኛዋን ይጭናል፤ ከዚያ መለዋወጥ ብቻ ነው። በመጨረሻም፣ ስም ያለበትን ዕቃ ማን ይደፍራል ብሎ፣ በሁለቱም የፊት ጥግ ላይ ብረት በሚወጋው ነጥብ መምቻ «ባ» ብሎ የስሙን መነሻ መታ።

ጂቡቲ ውስጥ የጫት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ የሞተ እንኳ ተነስቶ ወረፋ ይይዛል። ፕሌቷ መጀመሪያ በታሰረችበት ቀን ሁሉም ወደ ጫቱ ሲሮጥ ማሽኑ ብቻውን የተደረደረላትን መቁረጡን ቀጠለ። ጀላሉዲን በመስኮት አይቶ አፉን ይዞ ቀረ።

እንግዲህ ለሰውየው መንገር ነው የቀረው። እዚህ አገር አማርኛ የማይሰማ ፍየል እንኳ የለም፤ በባንቲሁን ዕድል ጀላሉዲን ብቻ ማርሴይ ያደገ፣ ከፈረንሳይኛ በቀር የማያውቅ ሰው ሆነ። ፈረንሳይኛ የሚችለው ቴዎ ነው። ቴዎ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሥራ ያስገባውም፣ መፍቻ መያዝ ያስተማረውም፣ ሃያብለ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ፍራሽ የዘረጋለትም ባንቲሁን ነው። ከጀላሉዲን ጋርም ይቅማል።

«ስትቅሙ ንገርልኝ፤ ባንቲሁን ነው የሠራት በለው።»

«ጋሼ፣ አንተ ተኛ። አፌ ያንተ ነው።»

አፉ የማን እንደሆነ በማግስቱ ታወቀ። ጀላሉዲን ሠራተኛውን ሰብስቦ የቴዎን ትከሻ ያዘና «ሼፍ ቴዎ» አለ። ይቺን ቃል ባንቲሁንም ያውቃታል፤ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ናት። የክፍሏ ቁልፍ በቴዎ ጣት ላይ ትዞራለች።

ባንቲሁን ወደ ፊት ወጣ። «ቴዎ፣ ንገረው። የሠራኋት እኔ ነኝ በለው። አንተ አንድ ፒን አልተከልክም በለው።»

ቴዎ ረጅም ፈረንሳይኛ ተናገረ። ጀላሉዲን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ መጥቶ ባንቲሁንን አቀፈና ጉንጩን አገላብጦ ሳመው። ባንቲሁን እቅፉ ውስጥ እንዳለ ገባው፤ የተሰረቀ ሰው እንዲህ አይሳምም።

«ምን አልከው?»

«ልጄ አለቃዬ ሆነልኝ፣ ደስ ብሎኛል ይላል አልኩት። ጋሼ፣ በሰው ፊት አታሳፍረኝ።»

ባንቲሁን የጀላሉዲንን እጅጌ ይዞ ወደ ፕሌቷ ጎተተው። ጣቱን «ባ» ላይ አደረገ፤ ከዚያ የገዛ ደረቱን ነካ። ፊደሏን፣ ደረቱን። ፊደሏን፣ ደረቱን። ጀላሉዲን ዞሮ ቴዎን ጠየቀ። የአሁኑ መልስ አጭር ነበር። ሰውየው በአድናቆት ግንባሩን መታ።

«አሁንስ ምን አልከው?»

«ምልክቷ ወደ ሠራተኛው ደረት ትዙር ማለት ነው አልኩት። ውሸት ነው? ዞራ ከገባች መቁረጫው ከብሎኑ ጋር አይላተምም?»

ውሸት አልነበረም። ክፋቱም እሱ ነው።

ጀላሉዲን ወዲያው አዘዘ። ለአዲሱ ማሽን የሚሠሩት ፕሌቶች ሁሉ ይህ ምልክት ይመታባቸው፤ መቺውም እጁ የለመደው ባንቲሁን ይሁን። ቴዎ ተረጎመለት፤ ይቺን ሳያጎድል።

አርብ ዕለት ፀዳል ድንጋዩ ላይ ጠበቀችው። ፍራሹን ተሸክሞ ቴዎን ወደ አለቃው ክፍል ያስገባው ራሱ መሆኑን ሳይቀር ነገራት። ከዚያ ከኪሱ ነጥብ መምቻውን አወጣ፤ ጠጠር አንስቶ እየቀጠቀጠ በተቀመጡበት ድንጋይ ላይ «ባ» ብሎ መታ።

«ፍጠንና አጠገቡ የኔንም ምታ» አለችው። «ቴዎ መጥቶ ሳይተረጉመው።»