የሃያ አራት ቀን ወንፈል

መካነ ሰላም ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ከተማ ስለሆነ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም። ቁጡም ነኝ፤ አንድ ነገር ሁለቴ መድገም ያንገበግበኛል። ይህን ጠባዬን ለረጅም ጊዜ እንደ ጉብዝና ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

አንድ ዓመት፣ የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ፣ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ስድስት ሰዎች የአንድ ገበሬን ስንዴ በአራት ቀን አጭደው ይጨርሳሉ። አሥራ ሁለት ቢሆኑስ?» ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ የምትመላለስ፣ ትምህርት ዘግይታ የጀመረች ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ «ካላለፍሽ ዐረብ አገር ትሄጃለሽ» እንዳላት ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ያለ ፈቃድ ብዙ ቀን ቀርታ ስለነበር ቂም ይዤባት ነበር።

«ሃያ አራት ቀን፣ ቲቸር» አለች።

«እናንተ መንደር ሰው ሲጨመር ሥራው ይብሳል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«አይ ቲቸር፣ ስድስትም ይምጡ አሥራ ሁለት፣ ባለ ማሳው የሚመልሰው...»

«ቁጭ በይ!»

ከዚያ ዞሬ ስድስትን በአራት አባዛሁና ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ። ለአሥራ ሁለት አካፈልኩት፤ ሁለት ቀን። ሃያ አራትን በገዛ እጄ ጽፌ እንኳ ልጅቷ ያለችውን አላየሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ፈተናውንም ወደቀች።

ውጤቷ ሲከነክነኝ ከረመ። በኅዳር፣ ደግማ እንድትፈተን ላግባባት ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ለካ በመስከረም ዐረብ አገር ሄዳለች። አባቷ ወገባቸውን በነጠላ ጠፍረው ደጅ ተቀምጠዋል። ለምን ያን ያህል ቀን ትቀር እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ወንፈል ነዋ፣ መምህር። አንድ ቀን ለሠራልን ሰው አንድ ቀን ሠርቶ መመለስ ነው። አምና ወገቤን ሲይዘኝ ስድስት ሰው መጥቶ አራት ቀን አጨደልኝ። ሃያ አራቱንም ቀን በየማሳቸው እየዞረች የመለሰች እሷ ናት። አላህ ይስጣት።»

ተመልሼ የስም መጥሪያ መዝገቡን ገለጥኩ። በአጨዳው ወራት የቀረችው ሃያ አንድ ቀን ነው። ሦስቱን ምናልባት ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርታው ይሆናል። ያን ቀን አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ ባዳምጣት ኖሮ የጥያቄውን ግማሽ መንገድ ብቻዋን እንደሄደች ይገባኝ ነበር። የቀረውን ማሳየት የእኔ ሥራ ነበር። ያን ሥራዬን አልሠራሁም፤ አፈርኩ፣ አሁንም አፍራለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የክፍል ጓደኛዋ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቷት ኖሮ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቲቸር። አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያ ያስቆጣዎት ጥያቄ አሁን ገባኝ። ይሄን ቤት ብቻዬን ሳጸዳ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኛል። ሁለት ብንሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ይበቃን ነበር። አይደል?» ብላ ሳቀች።

ብዙ ጊዜ መልስ ጀምሬ አጠፋሁ። ያኔም ልክ እንደነበረች፣ ሃያ አራቷ እኔው በጻፍኩበት ሰሌዳ ላይ እንደነበረች ልነግራት ፈለግሁ። የላክሁላት ግን «ጎበዝ፣ ልክ ነሽ» የሚል ብቻ ነው።