በላጲስ ያጠፋሁት ምርጫ

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝሁትም። በየዓቢይ ጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሰው ያማሁበትን፣ ያለ አግባብ የተቆጣሁበትን፣ አንድ ጊዜ ታምሜ ጾም የገደፍሁበትን ሳይቀር አንድ በአንድ ስዘረዝር፣ ይህችን ግን እዘላት ነበር። ረስቻት አይደለም። ስሟን «ምክር» ብዬ ስለ ሰየምኋት ነው። ምክር ደግሞ በማን ዘንድ ኀጢአት ሆኖ ያውቃል?

ዛሬ በእውነተኛ ስሟ ልጥራት። እኔ የአንዲትን ልጅ ምርጫ በላጲስ አጥፍቼ የራሴን ጽፌበታለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቢቸና የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ስመደብ ጸጉሬ ገና ጥቁር ነበር። ለቁጥር ጥንቁቅ ነበርሁ። ማትሪክ የወሰዱትን ተማሪዎች ውጤት፣ የሞሉትን ምርጫና በመጨረሻ የደረሳቸውን የትምህርት ዘርፍ በየዓመቱ በአንድ ወፍራም ደብተር አሰፍር ነበር። ከዚያ ደብተር ተነሥቼ ሕክምና ለመግባት ይህን ያህል ያስፈልጋል፣ ፋርማሲ ለመግባት ይህን ያህል፣ እያልሁ እገምታለሁ። ውጤት በመጣ ሰሞን ተማሪውም ወላጁም ደጄን ያጣብባል። የቢቸና ሰው እህሉን ለማስመዘን ገበያ ይወርዳል፤ ልጁን ለማስመዘን ወደ እኔ ይመጣል። እኔም በቀይ እርሳስ ከስሙ አጠገብ ከሦስት ቃላት አንዱን እጽፋለሁ፦ «ይገባል»፣ «ያጠራጥራል»፣ «አይገባም»። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ሚዛኑ» ይሉኝ ነበር። የማልሰማ ይመስላቸዋል። እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል።

አንድ ልማድም ነበረን። የምርጫው ቅጽ ለአንድ ተማሪ አንድ ብቻ ስለሆነ ከተበላሸ ምትክ አይገኝለትም። ስለዚህ ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዘርፎች በተራ በእርሳስ ይሞላና ከግርጌ ይፈርማል፤ እኔ በቀለም እደግምበትና እርሳሱን በላጲስ አነሣለታለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው ተራው ላይ ነው። አንደኛ ተብሎ የተጻፈው ዘርፍ አስቀድሞ ይታያል፤ ኋላ የተጻፈው ግን ተራው እስኪደርስ በሌሎች ሊሞላ ይችላል።

አንጓች የገበሬ ልጅ ነበረች። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። ፋርማሲ ለመማር የፈለገችበትን ምክንያት ነግራኛለች። አባቷ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን መድኃኒት የሚያነብለት አጥቶ የሦስት ቀኑን ባንድ ቀን ውጦ ከሞት ተርፏል። «መድኃኒቱንስ ሰጥተውት ነበር መምህር» አለችኝ፤ «አወሳሰዱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ነው ያጣ።»

ውጤቷ መጣ። ደብተሬን አገላብጬ በቀይ እርሳስ «አይገባም» ስል ጻፍሁ። ግቢው በተማሪ ሞልቶ ነበር።

«አልገባም?» አለች ወረቀቱን እያየች።

«ሁለት ነጥብ ይጎድልሻል። ባዮሎጂ መምህርነትን አንደኛ አድርጊ፤ እሱ አያመልጥሽም።»

«መምህር፣ ሚዛን እኮ የሚመዝን የቀረበለትን ነው። ያልቀረበለትን በምን ያውቃል? እስቲ እኔ ፋርማሲን አንደኛ አድርጌ ላቅርበው።»

ከኋላ አንዱ «ሚዛኑ ዛሬ ተመዘነ!» አለ። ግቢው በሣቅ ተሞላ። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። በክፋት አልነበረም፤ ይህን ያኔም አውቄዋለሁ።

በማግሥቱ ቅጿን በእርሳስ ሞልታ አመጣችልኝ። ፋርማሲ አንደኛ፣ ነርስነት ሁለተኛ፣ ባዮሎጂ መምህርነት ሦስተኛ። «ወንዙ ሳይሞላ ልሻገር፤ እናቴ ብቻዋን አረም ላይ ናት። በቀለም እርስዎ ይጨርሱልኝ» ብላ ፈረመችና ሄደች። እኔን አምና ሄደች።

ቀትር ላይ ብቻዬን ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመጀመሪያውን ቃል በቀለም ልደግም ብዕሬን አነሣሁ። አስቀመጥሁትና ላጲሱን አነሣሁ። «ፋርማሲ» የሚለውን አጠፋሁ። በእሱ ቦታ ባዮሎጂን ጻፍሁ፤ ፋርማሲን ወደ ሦስተኛው አወረድሁት። ብናኙን እፍ ብዬ ካጠራሁ በኋላ ቅጹን ከሌሎቹ ጋር ደረደርሁት። ከግርጌው ያለው ፊርማ የእሷ ነበር፤ ከፊርማው በላይ ያለው ግን የእኔ።

ያኔ ለራሴ ምን አልሁት? «አዘንሁላት» አልሁት። ፋርማሲን ስታሳድድ ሁለቱንም እንዳታጣ ነው አልሁት። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ስሌት ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና የራሴንም ላርም። ያዘንሁላት ቢሆን ኖሮ ሰው ልኬ አላስጠራትም ነበርን? ያዘንሁላት ቢሆን ኖሮ ለምን ከሰው ሸሸግሁት? እውነቱ ይህ ነው፦ ያ ሣቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ደግሞም እኔ ራሴ በወጣትነቴ ፋርማሲ ፈልጌ ያልተቀበሉኝ ሰው ነበርሁ። በእኔ ውጤት ያልተከፈተው በር በእሷ ውጤት እንዲሞከር አልፈለግሁም። «ከተናገሩት የወለዱት ይጥፋ» ይላል አገሬው። እኔ «አይገባም» ብዬ ተናግሬአለሁ፤ የተናገርሁት እንዳይጠፋ እንደ ልጄ ያስተማርኋትን አጠፋሁ።

መስከረም ላይ ምደባው መጣ። ለአንጓች ባዮሎጂ መምህርነት ደረሳት። ከእሷ በአንድ ነጥብ የሚያንስ፣ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ፋርማሲን አንደኛ የሞላ ልጅ ግን ፋርማሲ ገባ። የዚያን ዓመት ደብተሬ ተሳስቶ ነበር። ሰው ይሳሳታል፤ በመሳሳቴ አልከሰስም። የምከሰሰው እሷ እንድታርመኝ ባለመፍቀዴ ነው። የሁሉንም ተማሪ ምደባ በየስማቸው አንጻር አሰፈርሁና ከእሷ ስም ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ ያለ ባዶ መስመር ያ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብሰውን ልናገር። ወደ ትምህርቷ ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለችና «ሰው ፊት የቀለድሁብዎትን ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ ያሉት ነው የሆነው» አለችኝ። አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ ምን አልሁ? «እግዜር ይቅር ይበልሽ ልጄ» አልኋት። መርቄም ሸኘኋት።

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ስወጣ ሴት ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ሞጣ መጣሁ። አንጓችም ትዳር ይዛ እዚያው ሞጣ ባዮሎጂ ስታስተምር አገኘኋት። ደም ግፊት እንዳለብኝ ከሰማች ወዲህ መድኃኒቴን በየወሩ የምታመጣልኝ እሷ ናት። ልጄ ሥራ ስለሚበዛባት «ይህስ የእኔ ድርሻ ነው» ብላ ወሰደችው። ካርቶኑን ዝም ብላ አትሰጠኝም። ዓይኔ መድከሙን ስለምታውቅ በጎኑ ላይ ጎላ ባለ ጽሕፈት «ጠዋት አንድ፣ ከቁርስ በኋላ» ብላ ትጽፍበታለች። ቁጭ ብላም ታስረዳኛለች። በየወሩ እንደ አዲስ ታስረዳኛለች፤ በየወሩ እንደ አዲስ እሰማታለሁ። ለአባቷ ያጣችውን ሰው ሆና ከፊቴ ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማኝ ልንገርህን? አንተው ገምተው።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ ልጇን ቤዛዊትን ይዛ መጣች። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ የምትማረውን ዘርፍ የምትመርጥበት ሰዓት ነበር። በዚህ ዘመን ምርጫው በስልክ ነው የሚሞላው፤ በማግሥቱም ሊዘጋ ነበር።

«መምህር፣ ይህችን ይምከሩልኝ» አለች አንጓች ገና ሳትቀመጥ። «ፋርማሲን አንደኛ ካላደረግሁ ብላ አስቸገረችኝ። ሁለተኛ አድርጊው እላታለሁ። እኔስ አንደኛ ብዬ ሞልቼ አይደል የቀረሁ? እርስዎ ‹ይቅርብሽ› እያሉኝ!»

«እማዬ ደግሞ! ያኔና ዛሬ አንድ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ። ሚዛኑ ሳይናገር አትናገሪ» አለችና ሣቀች። ያ የጥንቱ ሣቅ ነበር።

ቤዛዊት ስልኳን ዘረጋችልኝ። ውጤቷን በማጉያ መነጽር አየሁት። መልካም ነው፤ ግን እርግጠኛ የሚያደርግ አይደለም። ቀይ እርሳስ በእጄ ቢኖር «ያጠራጥራል» ብዬ እጽፍ ነበር። «እናትሽ ያለችሽን አድርጊ» ብላት ልጅቷ እንደምትታዘዘኝ ከዓይኗ አየሁ። እናቲቱ ልጇን የምታስፈራራው እኔ በፈጠርሁት ታሪክ ነበር። ዝም ብል ያው ላጲስ ሁለተኛ ሊሠራ ነው።

«አንደኛ አድርጊው» አልሁ።

«ኧረ መምህር! የእኔን እያወቁ?»

«የአንቺን ስለማውቅ ነው።»

ተነሥቼ ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁና የእሷ ስም ያለበትን ገጽ ገለጥሁላት። በጣቷ ተከትላ አነበበች። «ምነው የእኔ ብቻ ባዶ ሆነሳ?» አለች።

«አንቺ ፋርማሲን አንደኛ ብለሽ ሞልተሽ ነበር። እኔ በላጲስ አጥፍቼ ባዮሎጂን አስቀደምሁበት። ትገቢ ነበር፣ አንጓች።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ጣቷን በባዶው መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር ወሰደችው።

«እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ ብዬ ነው የኖርሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጆቼን ሳስጠና እንኳ ‹እንደ እናታችሁ እንዳትቀሩ› እያልሁ።»

ቤዛዊት እጇን ያዘቻት። አንጓች ወደ ልጇ ዞረችና «አንደኛ አድርጊው። አሁን፣ እዚሁ፣ በገዛ እጅሽ» አለቻት። ልጅቷ ሞላችው። እኔ አላየሁም፤ ማየትም አልተገባኝም።

አንጓች ሁልጊዜ የምትስመውን ትከሻዬን ሳትስም ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆመችና ፊቷን ሳትመልስ «የዛሬውን ዋጡ?» አለችኝ።

«ውጫለሁ» አልሁ።

«ይቅር በይኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷ ያለ በደሏ ይቅርታ ጠይቃኝ፣ እኔ በዳዩ ተቀምጬ ይቅር ያልኋት ሰው ነኝ። ያን ቃል በሐሰት ሰጥቻታለሁ፤ አሁን በምን አፌ መልሼ እለምናታለሁ? አንባቢዬ፣ አንተንም ቢሆን እንድታዝንልኝ አልጻፍሁልህም። አርጅቶ ነው አትበለኝ፤ ያኔ አላረጀሁም ነበር። በቅን ልቡና ነው አትበለኝ፤ ልቡናዬን ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ።

የቤዛዊት ምደባ ገና አልወጣም። ጎረቤት ግምቴን ቢጠይቀኝ አልሰጠሁም። በደብተሬ ባዶ መስመር ላይ ግን በቀለም ጻፍሁ፦ «አንደኛ ምርጫዋ ፋርማሲ ነበር። ትገባ ነበር።»

ትናንት ወሩ ሞላ። መድኃኒቴን ቤዛዊት አመጣችልኝ። «እማዬ ናት የላከችው፤ ደኅና ናት» ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ ሄደች። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። በጎኑ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። መድኃኒቱን አልነፈገችኝም፤ የእጅ ጽሕፈቷን ግን ነፈገችኝ። ልክ ናት።

ዛሬ ጠዋት ቁርሴን ከበላሁ በኋላ ማጉያ መነጽሬን አንሥቼ፣ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አወሳሰዱን ራሴ አነበብሁ።