አራተኛው ገመድ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሳይነካ የሚኖር ነጋዴ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የእኔ ሸቀጥ ዘፈን ነበር። ከመተማ ወገን ለአጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ ሎሪ ላይ ወጥቶ ወደ እርሻው ከመግባቱ በፊት የስልኩን ሚሞሪ ያመጣልኛል፤ እሞላለታለሁ። አጨዳው እስኪያልቅ በረሃ ላይ የሚሰማው ያንኑ ነው። ዘፈኖቹና የሰርግ ፊልሞቹ በሙሉ ጓዳ ባስቀመጥኩት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው፤ ሰርቨር እንለዋለን። ፊት ያሉት ሦስት ኮምፒውተሮች በገመድ ከእሱ እየሳቡ ይጭናሉ።

አንድ ዓመት፣ አጨዳ ሊገባ ሲል ሰርቨሩ ሰነፈ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጠጣ ያልቅ የነበረው ሥራ ምሳ የሚያስበላ ሆነ። ሎሪው ጥሩምባ ሲነፋ ሠራተኛው ግማሹ የተጫነ ሚሞሪውን ከእጄ ነጥቆ፣ እናቴን እየሰደበ ይሮጣል። ዓመቱን የሚያበላኝ ያ ሰሞን ነው። ካመለጠኝ ሱቄን ዘግቼ እኔም ማጭድ መያዜ ነው።

ከካርቱም የመጣ አንድ የኮምፒውተር መሐንዲስ አየልኝ። ገና ሳይቀመጥ «ራሙ ትንሽ ነው» አለ። ጨመርንለት፤ ያው ነው። «ቫይረስ ነው» አለ። ፈተሽን፤ ያው ነው። «ዲስኩ ሞልቶ ተጨናንቋል» ሲል አሮጌ ሰርጎች አጠፋሁ፤ ግማሾቹ ትዳሮች ከፊልማቸው ቀድመው ፈርሰው ነበርና ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ከሰዓት ቀለል ብሎት ተመልሶ ታመመ። በመጨረሻ ሰውየው የሐኪም ፊት አሳይቶኝ «ዲስኩ አርጅቷል፣ ይሞታል» ብሎ ሄደ።

የሚስቴ ታናሽ ወንድም ከጎን ካለው ሱቁ ብቅ እያለ ያዝንልኝ ነበር። ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ አምጥቼ፣ ከእኔ ሱቅ በቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ በተለየች ዱካን የስልክ ሽፋን እንዲሸጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ ማሽን ኸላስ፣ አልቆለታል» ይላል፣ ሱዳን ያደገ ነውና። «አዲስ ግዛ እንጂ! ምን ትሰስታለህ?»

«አንተ ሽፋንህን ሽጥ።»

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ገበያው ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ሲጋደም፣ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። የዲስኩ መብራት ብልጭ የሚለው ዲስኩ ሲሠራ ብቻ ነው። ደንበኛ የለም፣ ፊት ያሉት ሦስቱም ሥራ ፈተዋል፤ መብራቱ ግን ፋታ የለውም። የሚሞት ነገር ያለ ሥራ እንዲህ አይተጋም ብዬ ገመዶቹን ሁሉ ሰርቨሩን ከኮምፒውተሮቹ ከሚያገናኘው ማከፋፈያ ነቀልኩ። መብራቱ ጠፋ። አንድ በአንድ መለስኳቸው። በሦስቱ ዝም አለ። አራተኛውን፣ ድሮ ጠረጴዛ ከነበረበት ጥግ የሚመጣውንና ሥራ የፈታ የመሰለኝን ስሰካ፣ መብራቱ መጥቀስ ጀመረ።

ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ወደ ሚስቴ ወንድም ሱቅ ይገባል። በምስማር ቀዳዳ አየሁ፤ ጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተር ደብቆ የዘፈን ሀብቴን ሁሉ ወደ ራሱ ዲስክ እየገለበጠ ነው። አዲስ ዘፈን ባስገባሁ ቁጥር አዲሱን ብቻ መርጦ መውሰድ ስለማያውቅ፣ የወሰደውን አጥፍቶ ከሀ ይጀምራል። የእኔ ዲስክ ታዲያ ወደ እሱና ወደ ደንበኛዬ ሲመላለስ ለማንም ሳይደርስ ይውላል።

ገመዱን አልነቀልኩም። እውነተኞቹን ዘፈኖች እሱ ወደማያየው ሌላ ዲስክ አዛወርኩ። በነበሩበት ቦታ ስማቸውን ትቼ ሆዳቸውን ቀየርኩ፤ የየዘፋኙን የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ብቻ አልነካሁም። ሠራተኛ ሚሞሪውን ሲቀበል የመጀመሪያውን ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል እንጂ ሁሉንም የሚያዳምጥ የለም። የቀረውን በአንድ ድምፅ ሞላሁት፦ እህል ገበያ በስልኬ የቀዳሁት፣ የሰሊጥ ጨረታ የሚጮህ ደላላ።

የሚስቴ ወንድምም ሳይሰማ ገለበጠና ከእኔ አርክሶ መጫን ጀመረ። ሠራተኛው እሱ በር ላይ ተጋፋ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

አጨዳው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ተመለሱ። ፊታቸው ከስሏል፣ እጃቸው ተሰነጣጥቋል።

«ቀን ሰሊጥ ሳጭድ ውዬ፣ ጋደም ስል ሰሊጥ ይጫረትብኛል!» አለ አንዱ፣ የሚስቴን ወንድም በአንገትጌው ይዞ። «በል አሁን አንተን እናጫርትህ! ስንት አላችሁ?»

«ባዶ!» አሉ ከኋላው።

መስታወቱ ረገፈ። ቀጥሎ ድብደባው መጣ። «ጋሼ! ጋሼ ድረስልኝ!» ሲል ይሰማኛል። በሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሲጨርሱ ያው ሰውዬ አቧራውን አራግፎ ወደ እኔ መጣ።

«ያንተስ ዘፈን ነው?»

«ቁጭ ብለህ አዳምጠው» አልኩና ወንበር ሳብኩለት። የዚያን ዕለቱን ዓይነት ገበያ ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ሚስቴ የወንድሟን ያበጠ ዓይን በሙቅ ውሃ ስትተኩስ ቆይታ ገባች።

«ጠርቶሃል አሉ።»

«ጠርቷል።»

«ሰምተህ ነበር?»

«የሰርቨሩ ማራገቢያ ይጮሃል» አልኳት።

የያዘችውን ጨርቅ ጨምቃ ወደ ወንድሟ ተመለሰች። እሱ አሁን ወድ ኤል ሒለው ከተማ ሄዶ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሲደውል ስልኩን ይዛ ወደ ግቢ ትወጣለች፤ እኔም ሰላም በይልኝ አልልም።