ሆርማትን የመሰለው ቡፈር

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ጀማል አንድ ጥቁር ሣጥን በባጃጅ ጭኖ ቤቴ መጣ። ጀማል አስተማሪ ነው፤ ትዳር ይዞ ጎብዬ ይኖራል። ሣጥኑ የሙዚቃ መሣሪያው ቡፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ነው። ዋናው ማሽን ተቃጥሎበት ቡፈሩ ብቻ ዱዳ ሆኖ ተቀምጧል። "አጎቴ፣ አንድ ጓደኛዬ የማይጠቀምበት ትርፍ አምፕሊፋየር አለው። ከዚህ ጋር ባገናኘው ይሠራል?" አለኝ።

ይሠራል፤ ያውም በደንብ። ሽቦውን እንዴት እንደሚያስር፣ የአምፑ ጉልበት ቡፈሩ ከሚችለው እንዳይበልጥ፣ ሲከፍተው ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ እንዲጨምር ነገርኩት። ቀጭኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው እንዲቀንሰው፣ አለዚያ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን እንደሚመስል አከልኩለት። ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ "ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለው?" ሲለኝ ግን አባቴና የድሮው ቡፈሬ ትዝ አሉኝ። "የለውም" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ልጁ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቤታችን ከቆቦ ከተማ ጫፍ፣ ሆርማት ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ወንዝ ስል ሁልጊዜ ውሃ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ሆርማት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ዛፍ እየነቀለ ይደርሳል። የእኛ ሰው ማሽላውን የሚያጠጣው በዚያ ጎርፍ ነው። ወንዙ ዳር አፈርና ቅርንጫፍ ከምሮ ውሃውን ይጠልፍና ወደ እርሻው ይመራዋል። በሰዓቱ አካፋ ይዞ ካልተገኘ ውሃው ክምሩን ደርምሶ ሲያልፍ ቆሞ ማየት ነው።

አባቴ ሰይድ ጎርፉን ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነበር። ከአሱር ሶላት በኋላ ከጓሯችን ግራር ሥር ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ሌላው ምንም ሳይሰማ እሱ ድንገት ተነስቶ "መጣች!" ብሎ ይጮሃል፤ ሰፈሩ አካፋውን እያነሳ ይሮጣል። እሱ ሳይጮህ የሚሮጥ አልነበረም። እንዴት እንደሚያውቅ ስጠይቀው "በእግሬ ነው የምሰማት፤ ጆሮዬ ኋላ ነው የሚደርስ" ይለኝ ነበር። በዚህ ነገር ይኮራ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

የዚያን ዓመት ዝናቡ ጠፋ። ማሽላው ሊያሸት ደርሶ ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ። አንዲት ጎርፍ ብትመጣ ይተርፍ ነበር። እናቴ ማዕድ ላይ የማሽላ እንጀራችንን በእርጎ እያራሰች ጠዋትም ማታም የምታወራው ስለዚያችው ጎርፍ ሆነ። አባቴ አያወራም፤ ግራሩ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ግን ረዘመ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። አክስቴ ከጅዳ ሆም ቲያትር የሚሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ይዛልን መጥታ ነበር፤ ሄዶ የነበረው መብራት በኃይል ሲመለስ ዋናው ማሽን ተቃጠለ። ቡፈሩ ደህና ነበር፤ ግን የራሱ ጉልበት የለውም። ጓደኛዬ ካሳዬ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ለሠርግ የሚያከራየውን አምፕ በአዲስ ቀይሮ አሮጌውን ጥግ ጥሎታል። "ውሰደው፣ አቧራ ከሚበላው" አለኝ። ተሸክመነው ስንመጣ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች በለስ አስልጠን በላን፤ እሾኩ ከንፈሬ ላይ ቀርቶ ሽቦውን ሳስር ሁሉ ይቆረቁረኝ ነበር።

ካሳዬ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኔ አሮጌውን ቴፓችንን ከአምፑ፣ አምፑን ከቡፈሩ አገናኘሁና ከፈትኩ። ዘፈን የለም። የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥበት ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ተንበርክኬ ሽቦ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ያው ነው። ቴፑን ዘጋሁት፤ እሱም ተዘግቶ ጉርምርምታው አለ። በዚህ መሃል ከጓሮ የአባቴ ድምፅ መጣ።

"መጣች! መጣች! ውጡ!"

ከዚህ ወዲያ ስላደረግሁት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። አምፑን እንደተከፈተ ትቼ አካፋ ይዤ ሮጥኩ። አባቴ መጣች ካለ መጣች ነው፤ ሌላ ሐሳብ በአእምሮዬ አላለፈም።

አፋፉ ላይ ወንዶቹ ሁሉ ደርሰዋል። አሸዋው ደረቅ ነው። ድምፁ ግን አለ፤ ሁላችንም እንሰማዋለን።

"የት አለች?" አለ ጎረቤታችን አያሌው።

"ትሰማለህ አይደል?" አለው አባቴ።

"እሰማለሁ እንጂ! ግን በዞብል በኩል ነው የምትመስለኝ።"

"ዞብል ታች አይደለም እንዴ? ጎርፍ ሽቅብ ትመጣለች?"

አንዱ ወደ ምዕራብ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ያያል። አባቴ መዳፉን መሬት ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። "አለች" አለ። ክምሩን ማጠናከር ጀመርን። ላባችን ደርቆ እንደገና አላበን፤ ድምፁ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

"በስመአብ! ጎርፍ መንገድ ላይ ይቆማል?" አለ አያሌው። ያን ጊዜ የከተማው ወፍጮ ድምፅም አብሮ መቆሙን አስተዋልኩ። መብራት ሄዶ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው፤ ከገባኝም በኋላ ማመን አቃተኝ።

"አባ፣ የኔ ቡፈር ሳይሆን አይቀርም" አልኩት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ።

"ምንህ?"

"ቡፈር። የቴፕ ነው።"

አያሌው ሰምቶ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በክፋት አልነበረም፤ ድካም ያመጣው ሳቅ ነበር። አባቴ አልሳቀም።

ቤት ገብተን መብራት ሲመለስ ጉርምርምታው ጀመረ። አባቴ ጫማውን አውልቆ ቡፈሩ አጠገብ ቆመ።

"ልክ እሷን ነው" አለ።

ላጽናናው ፈለግሁ። "ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለጆሮ አይለይም አባ። የማንም ጆሮ ቢሆን።"

"የማንም?"

"የማንም።"

"እኔ ግን እለያት ነበር" አለና ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ አምፑን ለካሳዬ መለስኩለት። የሰፈሩ ሰው ግን አባቴን ባገኘው ቁጥር "ጋሼ ሰይድ፣ ዛሬ ጎርፍ ነው መብራት?" ይለው ጀመር። እሱም "ሁለቱም የሉም" ይልና አብሮ ፈገግ ለማለት ይሞክራል።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እንደዚያው ከአሱር በኋላ፣ ግራሩ ሥር አብረን ተቀምጠን ነበር። አባቴ ቀና አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። እግሩን መሬቱ ላይ አስተካከለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ኑርየ፣ ያ ዕቃህ በርቷል እንዴ?"

"መልሼዋለሁ እኮ አባ፤ ካሳዬ ዘንድ ነው።"

"የካሳዬ ቤት እስከዚህ ይሰማል?"

"አይሰማም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ወላሂ፣ እርግጠኛ ነኝ።"

አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ፊቱ ላይ ያየሁትን መረበሽ ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። ወዲያው ከወንዙ በኩል የአያሌው ድምፅ መጣ፤ "መጣች! መጣች!" ሮጥን። ክምሩ ሊደረመስ ሲል ደርሰን አዳንነው። ማሽላው ጠጣ፤ የዚያን ዓመት በላን፣ ደግሞም ጠገብን። አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከሁላችን በላይ ሠራ።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠብቀው የአያሌውን ጩኸት ሆነ። አባቴ መቀመጫውን ከጓሮ ወደ ደጅ አዛወረ፤ በመንገዱ የሚያልፈውን አውቶቡስ ያይ ጀመር። አንድም ቀን ቅር ብሎኛል አላለም፤ አላህ ይዘንለት።

ዛሬ በየማሳው ጥልቅ ጉድጓድና ፓምፕ አለ፤ ጎርፍ የሚያደምጥ ሰው ያለም አይመስለኝ። ምናልባት የአባቴ ጆሮ ያኔም እየደከመ ነበር፤ ምናልባትም ምንም አልሆነም፤ ይህን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። የማልረሳው አንድ ነገር ነው። በዚያ ደረቅ አፋፍ ላይ ሁላችንም ሰምተን ነበር፤ ተሳሳተ የተባለው ግን እሱ ብቻ ነው።

ጀማል ሣጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቀረሁ። አባቴ ያን ቀን "እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ የጠየቀኝ ስለ ዕቃው መስሎኝ መለስኩለት። የጠየቀኝ ስለ ራሱ ነበር። "አንተ ካልክ መጣች አባ" ብዬው ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር።