ፀሐይን የዘነጋች ወረቀት

በሥራ ቦታው የሚጠሩት «እጅጌ» እያሉ ነው። ሙቀቱ ቢበረታ፣ ሌላው ሠራተኛ በካናቴራ ቢቀር፣ እሱ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው አውርዶ፣ ቁልፉን ቆልፎ ነው የሚውለው። መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። በሥራው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላው ግን እጅጌው እንደ ስሙ ተለመደና ጠያቂም ጠፋ።

የሚሠራው በዕፅዋት ማድረቂያ ውስጥ ነው። ብዙ ዓይነት ቅጠል ያልፍበታል፤ የእሱ ድርሻ ግን ጤና አዳም ነው። ቅጠሉ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ፣ አበባው ጥፍር የሚያህል ቢጫ፣ ሽታው ከበሩ ወጥቶ የሚቀበል። የሚቆረጠው አበባው መፈንዳት ሲጀምር፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ጓንት ይጠለቃል፣ እጅጌ ይወርዳል፣ ሥራው ሲያበቃ ክንድ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በጥላ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ፣ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣል። በቀን ሁለቴ ይገላበጣል። ግንዱ ሲታጠፍ እንደ ክብሪት እንጨት «ቀጭ» ካለ ደርቋል፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ አልደረሰም፤ ከታሸገ ይሻግታል።

በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ መዳፍ የምታህል ወረቀት ትገባለች። የጻፋት እጅጌ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌው ባለቤት በማድረቂያው ግድግዳ ላይ ስልክ ሲያስገቡ፣ «እስቲ ለገዢው የሚሆን ነገር ጻፍ» አሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰርዞ ደልዞ ይህን ጻፈ፦

«ሆድ ሲነፋና ቁርጠት ሲይዝ ሰዎች ጤና አዳምን በጥቂቱ ዘፍዝፈው ይጠጡታል። ቀጥቅጠው የሚያመው መገጣጠሚያ ላይ የሚያሹትም አሉ። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ ትንሹ ካሻለኝ ብዙው ያድነኛል አይበሉ። ነፍሰ ጡር በፍጹም አትጠጣው፤ ጽንስ ያስወርዳል። የምታጠባ ትተወው፤ ለሕፃንም አይሰጥም። የሐኪም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ይልቁንም ደም የሚያቀጥን፣ አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጥያቄ ካለዎት ይደውሉ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ አላዘዙትም። ራሱ ጨመራት።

እናቱ ከሞቱ ወዲህ በቤቱ የሰው ድምፅ የሚሰማው ከሬዲዮ ብቻ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ስኒ፤ አንዱ ስኒ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደተደፋ ነው። ስለዚህ ስልኳን ይወዳት ነበር። ጠዋት ሲገባ አቧራዋን ይጠርጋል። አንዳንዴ እጀታዋን አንስቶ መሥራቷን ያዳምጣል።

«አንተ እጅጌ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ትለዋለች አሻጊዋ፤ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። «ሚኒስትር ልትሾም ነው እንዴ?»

«ከሾሙኝ መጀመሪያ አንቺን ነው የማዛውርሽ።»

በአራት ዓመት ስልኳ የጮኸችው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ጎማ ቤት መስሎት ነው የደወለው። በሁለተኛው ጊዜ እጅጌ ሰውየውን ስለ ጎማው ጠየቀው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀው፣ በመጨረሻም «እንግዲህ ይቅናህ» ብሎ መርቆ ሸኘው። የቀረውን ዝምታ ግን በደህና ይተረጉመው ነበር፦ ካልደወሉ አልተጎዱም።

ዘንድሮ ሥራውን የአሮጌው ባለቤት ልጅ ተረከበች። ቀልጣፋ ናት፤ ክፋትም የለባትም። «ደረቁን ማን ይገዛል? ሰው እርጥቡን ማሽተት ይፈልጋል» አለችና ማለዳ የተቆረጠው ከነአበባው በላስቲክ እየታሰረ እንዲሸጥ አደረገች። ያችው ወረቀት በየእስሩ ውስጥ ተሰካች። እጅጌ ራሱ ነበር የሚሰካው።

አንድ ቀን ወንፊት ሲያገላብጥ ልጅቱ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን ወረቀት ልናቆማት ነው። ማሸጊያውን ታጓትታለች።»

«ልጄ፣ ሌላ የምታጓትት ነገር ፈልጊ። ይቺ ትቆይ።»

«በአራት ዓመት ስንት ሰው ደወለ?»

«ሁለት... አይ፣ አንድ። ሁለቴ።»

«ስለ ጤና አዳም?»

«ስለ ጎማ።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «አየህ ጋሼ፣ ማንም አያነባትም።»

«ዝም የሚሉት ደህና ስለሆኑ ነው።»

«ወይም ስላላነበቡ።»

እጅጌ ወንፊቱን ደግሞ አገላበጠው። ዝምታ ለሁለቱም ይመሰክራል።

«እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ» አለች። «አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አንብቧታል ብለህ አሳየኝ። ትቀጥላለች።»

የቀረው አሥራ ሰባት ቀን ነበር። እጅጌ ስልኳን አቧራ ሳይኖራትም ይጠርጋት ጀመር። አሥራ ሰባቱ ወደ አምስት ወረደ። በዚያው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ስልኳ ጮኸች። የያዘው ወንፊት ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ጤና አዳም የሚያሽጉት እናንተ ናችሁ?» የሴት ድምፅ ነው፤ በዕድሜ የገፋች።

«እኛ ነን፤ እኔ ነኝ። ይጠይቁ፣ እመቤቴ።»

«ወረቀታችሁን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መነጽሬን አድርጌ።»

የእጅጌ ፊት በራ። አሻጊዋን በእጁ ጠቀሳት።

«ነፍሰ ጡር አይደለሁም፤ ያ ዘመን አልፏል። መድኃኒትም አልወስድም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናው ፔዳል ጉልበቴን አሳምሞታል። እርጥቡን ቀጥቅጬ አሸሁት፤ ከዚያ በረንዳዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ፀሐይ ሞቅሁ። የዚያን ዕለት ምንም አልነበረኝም። በማግሥቱ ቀላ። ዛሬ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ሰው ውኃ ቋጥሯል። ወረቀቱ ላይ ፈልጌ ፈልጌ ስለዚህ ምንም አጣሁ። የቱ ጋ ነው የጻፋችሁት?»

እጅጌ በግራ እጁ የቀኝ እጅጌውን ጨብጦ ቀረ።

«አልጻፍነውም» አለ። «አልጻፍኩትም። እመቤቴ፣ ዛሬውኑ ክሊኒክ ይሂዱ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ጨርሶ እንዳያገኘው። ቤትዎ የት ነው?»

ስልኩን ሲዘጋ አሻጊዋ አጠገቡ ቆማለች። «ተገኘልህ አይደል? ሂድና ለልጅቷ ንገራት እንጂ!» ነገሩን ሲነግራት ግን ቀልዱ ከአፏ ጠፋ። ቀስ ብላ፣ «ከሁላችን አንተ...» ብላ ተወችው። ሐሳቧን ራሱ ጨረሰው፦ ከሁላችን አንተ እንዴት ትዘነጋዋለህ?

ፀሐይንማ እሱ ያውቃል። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎበዝ ለመባል እጅጌውን ሰብስቦ በቀትር ቆርጦ ነበር። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ክንዱ ቆሰለ፣ ዳነ፤ ደጋግሞ ፀሐይ ስላስመታው ግን ቡናማ ጥላ ጥሎበት ሄደ። ሰው ዐይቶ ፊቱን ሲያጨማድድ እጅጌው ወረደ፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲደበዝዝም እጅጌው አልተሰበሰበም። ወረቀቱን ሲጽፍ ይህን አስታውሶ ነበር። «ይህ የቆራጩ ጣጣ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው ደረቁን ነው» ብሎ አለፈው። እርጥቡ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቷ እንደ ጸሎት በቃሉ ገብታ ስለነበር ሳያነባት ሰካት።

በማግሥቱ ከሥራ ወጥቶ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ በሩን በከዘራ ተደግፋ ከፈተች። ክሊኒክ ሄዳ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልለውላታል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መኪናው መስኮቱ ሥር፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ያላለቀ ቀሚስ ከመርፌው ሥር ተንጠልጥሏል። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የእሱ ወረቀት በአራት ስፒል ተሰክታለች፤ ጠርዟ የተለካች ያህል ቀጥ ብላ።

«ሊቆጡኝ ነው የመጡት ወይስ ልቆጣዎት?» አለች።

«ይቆጡኝ።»

«እሱማ ትናንት አለቀልኝ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ቁልፎቹን ፈትቶ ሁለቱንም እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ፣ ጨርቅ እንደምትመረምር፣ ክንዱን ወደ መብራቱ አዞረችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ክንዱን ነክቶት አያውቅም ነበር።

«የእኔም እንዲህ ይሆናል?»

«ቁስሉ ይድናል። ጥላው ወራት ይቆያል፤ እንደኔ ደጋግመው ፀሐይ ካላስመቱት ይለቃል።»

«ታዲያ ይህን በክንድዎ ይዘው እንዴት ወረቀቱ ላይ ረሱት?»

«አልረሳሁትም። ሸፈንኩት።»

«እኔም አንዴ ቀሚስ ሰፍቼ የአንገቱን መግቢያ ረስቻለሁ» አለች። «ያወቅነው ባለቤቷ ራሷን ልታስገባ ስትታገል ነው። በመቀስ ነው ያወጣናት።» ሳቀችና ጉልበቷ አመማት፤ ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ እጅጌውን ወደ አንጓው ሲያወርድ ጫፉን ያዝ አድርጋ፣ «ይህች ቁልፍ ልትወድቅ ነው፤ ያምጡት» አለችው። መርፌ ውስጥ ክር አስገብታ፣ እሱ እንደቆመ አጠበቀችለት። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ትንፋሿ አንጓውን ነካው። ሌላ የሚያስቆየው ነገር አልነበረም፤ ደህና ይሁኑ ተባባሉ።

ለባለቤቱ ልጅ ሁሉንም ነገራት፤ የቱንም አላሳመረም። እሷም የእርጥቡ ሽያጭ አዲሱ ወረቀት እስኪታተም እንዲቆም አዘዘች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«አንብበውታል ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«አንብበውታል።»

ወረቀቷ ዳነች፤ ደስታው ግን አልመጣለትም። አዲሷን ያንኑ ዕለት ጻፋት። መጀመሪያዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «እርጥቡን ከነኩ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጭማቂው በቆዳዎ ላይ እያለ ፀሐይ አይውጡ፤ ያቃጥላል።» የቀረው እንደነበረ ነው፤ መጨረሻዋም ጭምር።

ከታተመች በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ ማሸጊያው ጥላ ሥር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። አሻጊዋ አየችው፤ ዞር ብላ ደግማ አየችው።

«ለካ ክንድ አለህ!»

«ሁለት» አላት።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸች። ሁለቱም ደነገጡ። እጅጌ በሌላኛው እጁ ግድግዳውን ይዞ ነው ያነሳት።

«ሃሎ፣ ጎማ ቤት ነው?»

«አይደለም» አለ እጅጌ፤ ትንፋሹ ተመለሰለት። «ተሳስተሃል፣ ወንድሜ። ተመስገን።»

ሰውየው «ምን?» ብሎ ዘጋው። እጅጌ ግን እጀታዋን ወዲያው አላስቀመጣትም፤ ጆሮው ላይ እንደያዛት ጥቂት ቆየ።