አህያዋ ያላለችው ግጥም

«አህያ እንዲህ አትናገርም!» አሉኝ።

«አህያማ ጭራሽ አትናገርም፣ እትዬ። ተረት አይደል እንዴ?»

«በተረት ትናገራለች። ግን እንደ አህያ ነው የምትናገረው። ይቺ የአንተዋ ፍቅር የያዘው ወታደር ነው የምትመስለው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ተናድጄ ነበርና መሳቅ ሽንፈት መሰለኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ እትዬ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ቁጭ ብለን፣ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ትምህርት ቤት ልጆች ሊባዛ የታሰበውን የተረት ረቂቄን እያየን ነው። በተረቱ ውስጥ የውኃ በርሚል የተጫነበት ጋሪ የምትጎትት አህያ አለች። ቀኑን ሙሉ ለሰው ውኃ ስታዳርስ እሷ ይጠማታል። አንድ ምሽት አምልጣ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ትወጣና ለጨረቃ ስለ ነፃነት ግጥም ታሰማለች። ግጥሙ ሙሉ ገጽ ነው። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲያውም ተረቱን የጻፍኩት ለግጥሙ ማደሪያ እንዲሆነው ነው።

እሳቸው አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የልጆች መጻሕፍት ሲያርሙ የኖሩ ናቸው። ኋላ ካርቱም ልጃቸው ዘንድ መጡ፤ ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ ሸሹ። እኔ ከገዳሪፍ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ባለችው ዶካ ያደግኩ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሰው ሲያርፍ ስልኬ ላይ ግጥም የምጽፍ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። ያነበበልኝ ሰው ሁሉ ወይ «ጎበዝ!» ይለኛል፣ ወይ ዝም ብሎ ስልኩን ይመልስልኛል። በጻፍኩት ነገር አምርሮ የተጣላኝ ሰው ግን ከሳቸው በፊት አላጋጠመኝም።

«ግጥሙ ከወጣ ተረቱም ይቅር» አልኳቸው።

ረቂቁን ከእጄ ወሰዱና ተቀመጡበት። የምሬን ነው፣ ወንበሩ ላይ አድርገው ተቀመጡበት።

«በል ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ተረቱን ነዋ፤ ያለ ወረቀት። ሰባት ዓመቴ ነው፣ አፍንጫዬን ጠርጌ ቁጭ ብያለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ ያሳፍራል።»

«ልጅ ፊት ምን ያሳፍራል? ቶሎ በል፣ ኳስ ልጫወት እሄድብሃለሁ።»

በመጽሐፍ ቋንቋ ጀመርኩ። አዛጉ። አፋቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ሆን ብለው አዛጉብኝ። እልህ ያዘኝና የመጽሐፉን ቃል ትቼ ያየሁትን መናገር ጀመርኩ፤ አንዱ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ እንደሚተኛ፣ የደንበኞቹን በር ለይታ አውቃ ሳይነግሯት እንደምትቆም፣ ቁልቁለት ላይ ውኃው በርሚሉ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ከኋላ እንደሚገፋት።

«ከዚያስ?» አሉ ጠጋ ብለው።

«ከዚያማ አንድ በር ላይ ቆማ አልሄድም አለች። ባለጋሪው ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ወይ ፍንክች! ‹አንቺ አህያ!› ብሎ ጮኸባት። እሷም ዞር ብላ ‹እና ምን ልሁን?› አለችው።»

እትዬ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይህ ንግግር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ከበሩ አንዲት ልጅ በሳፋ ውኃ ይዛ ወጣች፤ አህያዋ ጠጣች፣ ጠጣች፣ አንዱን የተኛ ጆሮዋን ቀና አደረገች። በዚሁ ጨረስኩ።

«ግጥሙስ?» አሉኝ።

ረስቼዋለሁ። ኮረብታውንም፣ ጨረቃውንም፣ ያን ሁሉ ስሟገትለት የነበረውን ገጽ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። ፊቴ ጋለ። አሁን ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ተነስተው ረቂቁን አወጡና ያንን ገጽ ብቻ ቀስ ብለው ለይተው ሰጡኝ።

«ግጥሙ መጥፎ አይደለም። ሁለተኛው ስንኝ ላይማ ቀናሁብህ። ለትልልቅ ሰዎች አስቀምጠው። አህያዋ ላይ ግን አትጫንባት፣ ውኃው ይበቃታል።»

ያን ገጽ በአንድ የብዕር ጭረት ሊሰርዙት ይችሉ ነበር። ሰርዘውት ቢሆን ዕድሜዬን ሙሉ ተበደልኩ እያልኩ እኖር ነበር። እሳቸው ግን እኔው ራሴ እስክተወው ድረስ ጠበቁኝ። «ጎበዝ» ካሉኝ ሰዎች ሁሉ ይልቅ እሳቸውን የማመሰግነው ለዚህ ነው።

«በል አሁን የነገርከኝን በትኩሱ ጻፈው» አሉ።

«ቤቴ ሄጄ እጽፈዋለሁ፣ እትዬ።»

«አውቶቡሱ ዶካ እስኪደርስ ተመልሰህ ገጣሚ ትሆናለህ! እዚሁ ጻፍ፣ ከህረባው ሳይሄድ፣ መብራት ሳይጠፋ።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዕቃ ወደ አልጋቸው አሸሹ፤ ያለቻቸውን አንዲት ማራገቢያ ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«በዚህ ፀሐይ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ጎረቤት። አጠገቡ አሮጊት ተጎልታበት ማን ይጽፋል?»

«እኔ ልውጣ እንጂ!»

«ኸላስ፣ በቃ! ቁጭ በል ብያለሁ።»

ወጡ። የብረቱ በር ተዘጋ፤ ከውጭ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።