መምህር ዘሪሁንን ያስተዋወቅኩበት ቀን

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የማወራው ሌላ አድርጌ ነው። ባለቤቴ የምታውቀው ሌላውን ነው፤ ጓደኞቼም የሚያውቁት ሌላውን ነው። «የሰጡኝን ወረቀት አነበብኩ» እላቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የተሰጠውን ያነብ ስለነበር ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፉኛል። ውሸት ነው። ማንም ምንም አልሰጠኝም። መስመሯን የመረጥኳት እኔ ነኝ፤ ያነበብኳትም እኔ ነኝ። እውነቱን ስትሰሙ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ፤ የምነግራችሁም እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጬ ከቦሌ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በሚገኘው የቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አውስ ነበር። የማውሰውን ሁሉ ሳላነብ አልሰጥም። ግጥም ከመደርደሪያው ላይ ራሴን አስተማርኩ፣ አስተማሪ አልነበረኝም ብዬ እኮራ ነበር። እሱም ውሸት ነው። መምህር ዘሪሁን ነበሩኝ። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ሊመልሱ ሲመጡ የጻፍኩትን ተቀብለው፣ እርሳሳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ እንደቆሙ ያነቡልኛል። አንዳንድ መስመር ሥር ያሰምሩና «እዚህ ጋ ዋሽተሃል» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይሉም።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው የሐሳብ ጉባኤ አዘጋጀ። ምሁር ብቻ ሳይሆን ከሥራው ሐሳብ ያገኘ ሰው ሁሉ ይናገር ተባለ። አዳራሹ የእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። መምህር ዘሪሁንም ኮሚቴ ገቡ። እኔ ጉባኤውን በግጥም እከፍታለሁ ብዬ አርባ ስንኝ ጻፍኩና ኮሚቴው ፊት ቆሜ አነበብኩ። ስጨርስ ወደ መምህር ዘሪሁን ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ድምፅህ ጥሩ ነው።»

«ግጥሙስ?»

«ግጥሙን ያቆመው ድምፅህ ነው። ወረቀት ላይ ብቻውን አይቆምም። አንተ ተናጋሪዎቹን አስተዋውቅ፤ ግጥሙ ይቅር።»

ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ወጣት «ተመስገን! አርባ ስንኝ ከምንሰማ አርባ ተናጋሪ ይሻለናል» አለና ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። መምህር ዘሪሁን አልሳቁም። እኔ ግን የሳቁን ሁሉ ቂም የያዝኩት በእሳቸው ላይ ነው። ግጥሙ መጥፎ ነበር። እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ በቀደም ደግሜ አነበብኩት፤ መጥፎ ነው።

ማስተዋወቁን ተቀበልኩ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱ ተናጋሪ ግለ ታሪኩን በአንድ ገጽ ይጽፋል። ከላይ ሥራውና ሐሳቡ አለ፤ ከታች «የመደብ ጀርባ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ ወላጆቹ ገበሬ ይሁኑ ወዛደር ወይም ባለርስት የሚጻፍባት። መድረክ ላይ የሚነበበው የላይኛው ነው። የታችኛዋ መስመር የጽሕፈት ቤት ናት። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ገጾቹን ለመሰብሰብ በየቤቱ ዞርኩ። የከብት ሐኪሙ ስለ ራሳቸው ሦስት ቃል ተናግረው ስለ ላሞች አንድ ሰዓት አወሩኝ። የጡብ ሠራተኛው ጡብ በቡና ገለባ እንዴት እንደሚተኮስ በእጁ እያሳየኝ እጁ ላይ ያለውን ጠባሳም አብሮ አሳየኝ። የሒሳብ መምህሩ ገጹን በቁጥር ሞልቶ ሰጠኝ። አዋላጇን ስንት ልጅ እንዳዋለዱ ብጠይቃቸው «አንተንም ሳላዋልድህ አልቀርም፤ ይህን ትልቅ ጭንቅላት የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ብለው አሾፉብኝ።

መጨረሻ መምህር ዘሪሁን ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ወደ ገርጂ ነው፤ ያኔ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ግቢያቸው መሃል አንድ ባዶ ጣሳ በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል፤ ውስጡ የተማሪ ማስመሪያ ተሰክቷል። የዝናብ መለኪያቸው ነው። ያስተማሯቸው ልጆች አድገው በየክፍለ ሀገሩ መምህር ሆነዋል፤ እያንዳንዳቸው ግቢያቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሳ አቁመው የለኩትን በደብዳቤ ይልኩላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ደብተር ያሰፍራሉ።

«ሐሳቤ አንዲት ናት» አሉኝ። «ሰማዩን ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አትዩት ነው የምለው። እዚህ ይዘንባል። ልጆቼ ያሉበት ግን ዝናቡ ሲሸሽ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። እህሉ ዛሬ ካልተከማቸ...» አልጨረሱትም። ድርቁ ገና በአደባባይ ስሙ የማይጠራበት ጊዜ ነበር።

ገጻቸውን ተቀብዬ ታችኛዋን መስመር አየሁ። «አባቴ ባለርስት ነበሩ» ብለዋል።

«ጋሼ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ቢሉስ? ማን ያጣራል?»

«ነበሩ እኮ። ለመዝገብ አልዋሽም። መድረክ ላይ ግን ሰው ስለ ዝናብ ይስማልኝ፤ አባቴን እዚያ አታውጣቸው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ድንገት አፌን አዳለጠኝ ማለት ብችል ምንኛ በቀለለኝ! ግን ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መስመሯን በልቤ እያነበብኩ፣ የት ላይ እንደምቆም፣ የቱን ቃል እንደማጠብቅ ስለማመድ ነበር። ለዚያ ግጥም ያን ያህል ደክሜ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ላይ ይቆም ነበር።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞላ። የቀበሌው የፖለቲካ ኃላፊ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ሐኪሙን «ጓድ» ብዬ ጠራሁ። ጡብ ሠራተኛውን፣ አዋላጇን፣ የሒሳብ መምህሩን «ጓድ» ብዬ ጠራሁ። ድምፄ ያምር ነበር፤ እያንዳንዱን ስጠራ ይጨበጨባል። ከዚያ አምስተኛውን ገጽ አነሳሁ።

«ቀጥለው የሚናገሩት አቶ ዘሪሁን ናቸው» አልኩ።

አራቱን ጓድ ብሎ አምስተኛውን አቶ ማለት በዚያ ዘመን ሰውን በጣት ከማሳየት አይተናነስም። የፊት ረድፉ ቀና አለ።

«የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አባታቸው ባለርስት ነበሩ።»

አቆምኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጣሳዎቹ፣ ስለ ልጆቹ አንድም ቃል አልጨመርኩም። መምህር ዘሪሁን የመድረኩ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቆሙ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

ኃላፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ «የባለርስት ልጅ ስለ ምን ሊያስተምረን ነው?» አለ።

«ስለ ዝናብ» አሉ።

«ዝናቡም የአባትህ ርስት ነበር እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ያ ሳቅ ኮሚቴው እኔ ላይ ከሳቀው አሥር እጥፍ ነበር፤ የፈለግኩትም እሱን ነበር። አገኘሁት። መምህር ዘሪሁን ደብተራቸውን ገልጠው ጀመሩ። ስለ ሦስቱ ክረምት ሲደርሱ ኃላፊው ተነሳ፤ «የአብዮቱን ምርት ሊያጣጥል ነው የመጣው! ይውረድ!» አለ። ሁለት ሰዎች ወጥተው ደብተሩን ያዙ። ደብዳቤዎቹ ውስጡ ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የላኪው ስምና ትምህርት ቤት አለ። እኚያን ሰው ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ደብተሩን ውሰዱ፤ የልጆቹን ደብዳቤ ተዉልኝ» አሉ። አልተዉላቸውም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠግቼ «ጓዶች፣ ለተናጋሪዎቻችን ጭብጨባ!» አልኩ።

አንድ ወር ቀበሌ አሰሯቸውና ወደ ጠረፍ ትምህርት ቤት አዛወሯቸው። ልሸኛቸው አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ገና አፌን ስከፍት ትከሻዬን ያዙና «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ የሰጡህን ነው ያነበብከው» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ውሸቱን እንኳ እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከእሳቸው ደግነት ላይ ወስጄ ይኸው ስምንት ዓመት እኖርበታለሁ።

ረሃቡ መጣ። ደብተሩ ተነብቦ ቢሆን ይቀር ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት ጥፋቴንም አጋንኖ መኩራት ይሆንብኛል። በአዳራሹ የነበረ ሰው ግን አንድ ጊዜ የመስማት ዕድል ነበረው። ያን ዕድል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ የጻፉት ልጆች ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ለምን አልጠየቅኩም? መልሱን ስለምፈራ ነው።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተው ገርጂ ተመለሱ። ጣሳው ግቢያቸው ውስጥ እንደገና ቆሟል አሉ። በቀደም መድኃኔዓለም ደጅ ተገናኘን። ጸጉራቸው ነጥቷል፤ እርሳሱ ግን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አንተ ገጣሚ! ትጽፋለህ አሁንም?»

«እጽፋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ አምጣልኝ እንጂ! ዓይኔ እኮ ገና ያያል።»

የምወስድላቸው ይህን ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፤ በፖስታ አልልከውም፤ ሲያነቡት ፊታቸው እቆማለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ይቅር ያሉት የታዘዘውን የፈጸመ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ እኔ አልነበርኩም። ስለዚህ ያን ይቅርታ እመልስላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሉኝን፣ ዝም ቢሉኝም ዝምታቸውን፣ እቀበላለሁ። የልጆቹን ስም ከነገሩኝም አንድ በአንድ ፈልጌ አገኛቸዋለሁ።

እርሳሳቸውን አውጥተው ያንብቡት። የዋሸሁበት መስመር ካገኙ ያስምሩበት። «የሰጡኝን አነበብኩ» የምትለዋን ግን እርሳሳቸውን ሳልጠብቅ እኔው ሰርዣታለሁ።